አሸዋ ላይ የቆመ ቀጭን ፓይል ስንት ኩንታል ይሸከማል? ሠርቶና ጭኖ የመለካት አሠራር

«ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ነኝ። ውፍረቱ 20 ሳንቲ የሆነ ፓይል ብሠራ ስንት ኩንታል ይሸከምልኛል?» ከሸዋ ሮቢት፣ ከጀውሃ፣ ከአጣዬ ሲደወልልኝ ጥያቄው ይኸው ነው። ግንበኛም ይጠይቀኛል፣ ቤት ሠሪም ይጠይቀኛል። እዚህ ፓይል የምለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ኮንክሪት የሚሞላበትን፣ ጭነትን ወደ መሬት የሚያወርድ ምሰሶ ነው። በስልክ ቁጥር አልሰጥም። አሸዋ ውስጥ ያለ ቀጭን ፓይል ልኩ የሚታወቀው በኮንክሪቱ ጥንካሬ ሳይሆን በዙሪያው ባለው አሸዋ ነው። ያን አሸዋ ደግሞ ስትቆፍሩት ትለውጡታላችሁ። ስለዚህ አንድ የሙከራ ፓይል ሠርታችሁ፣ ጭናችሁበት፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሰመጠ መለካት አለባችሁ።

ለምሳሌ የምይዘው ብዙ ጊዜ የምጠየቅበትን ሥራ ነው። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በብረት ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል። ውሃው ብቻ 50 ኩንታል ነው። ብረቱና ከላይ የሚያያይዘው ቢም ሲጨመር 70 ኩንታል ይጠጋል። በአራት ፓይል ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ17 እስከ 18 ኩንታል ይደርሳል። ነፋስ ሲገፋ አንዱ ጎን የበለጠ ስለሚጫን 20 ኩንታል ብለን እንያዝ።

ይህ መመሪያ ለአሸዋና ለጠጠራማ አሸዋ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ላለው ዋልካ አይሆንም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ፓይሉን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ፎቅ ቤት የምትሠሩም ከሆነ ይህን ይዛችሁ አትጀምሩ። የአፈር ምርመራና በኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ የሚሠራ መሐንዲስ ያስፈልጋችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አሸዋው ጭነቱን እንዴት እንደሚቀበል

ፓይል ጭነቱን በሁለት መንገድ ያስረክባል። አንዱ በጎኑ ነው። የፓይሉ ጎን ከአሸዋው ጋር ይፋተጋል፤ ይህን የጎን ሰበቃ እንለዋለን። ሌላው በታች ጫፉ ነው። ሁለቱ እኩል አይነሡም። የጎን ሰበቃ ፓይሉ ጥቂት ሚሊሜትር ሲሰምጥ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። ጫፉ ግን ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት ከፓይሉ ውፍረት 10 በመቶ ያህል መስመጥ ይፈልጋል። ለ20 ሳንቲ ፓይል 20 ሚሊሜትር ማለት ነው። የውሃ ቱቦ የተገጠመበት ማቆሚያ በአንድ እግሩ 20 ሚሊሜትር ቢሰምጥ ቱቦው ይላቀቃል። ስለዚህ በዕለት ተዕለት ጭነት ጊዜ የምትመኩት በጎኑ ነው።

አሁን ግምት እንሥራ። ልል አሸዋ በሜትር ኩብ 17 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ጉድጓዱ ደረቅ፣ ፓይሉ 20 ሳንቲ ውፍረትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ይሁን።

ጎኑ፦ መካከለኛው ጥልቀት 2 ሜትር ነው። 2 ሲባዛ በ17 በካሬ ሜትር 34 ኩንታል ግፊት ይሰጣል። ተቆፍሮ ለተሞላ ፓይል ከዚህ 0.3 ያህሉን እንወስዳለን፤ 10.2 ኩንታል በካሬ ሜትር። የጎኑ ስፋት 2.51 ካሬ ሜትር ነው። ውጤቱ ወደ 26 ኩንታል።

ጫፉ፦ 4 ሜትር ላይ ግፊቱ 68 ኩንታል ነው። ለልል አሸዋ በ15 እናባዛዋለን፤ 1,020 ኩንታል በካሬ ሜትር። የጫፉ ስፋት 0.0314 ካሬ ሜትር ነው። ውጤቱ 32 ኩንታል።

ድምሩ 58 ኩንታል ነው። ሙከራ ካልተደረገ ለጥንቃቄ ለ3 አካፍሉት፤ 19 ኩንታል ይመጣል። ሙከራ ካረጋገጠው ለ2 ማካፈል ይቻላል። 0.3 እና 15 ያልኳቸው ቁጥሮች ለልል አሸዋ የሚያዙ ጠንቃቃ ግምቶች ናቸው። የእናንተ አሸዋ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ሙከራው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስት ነገር ከዚህ ስሌት ያዙ።

ርዝመት ከውፍረት ይበልጣል። ያው ፓይል 3 ሜትር ቢሆን ድምሩ 38 ኩንታል ብቻ ነበር። ኮንክሪቱ በሲሶ ሲጨምር አቅሙ በግማሽ ጨመረ። ምክንያቱም በጥልቀት ስትወርዱ የጎኑ ስፋትም ይጨምራል፣ አሸዋው ፓይሉን የሚይዝበት ግፊትም ይጨምራል። 3 ሜትሩን ፓይል ግን ወደ 25 ሳንቲ ብታወፍሩት ኮንክሪቱ በ56 በመቶ ሲጨምር አቅሙ የሚጨምረው በ44 በመቶ ያህል ነው። ያውም አብዛኛው ጭማሪ ዘግይቶ ከሚመጣው ከጫፉ ነው።

ውሃ አቅሙን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። አሸዋው ውሃ ውስጥ ሲሆን ክብደቱ ስለሚቀልል ፓይሉን የሚጨብጥበት ኃይል ይቀንሳል። የከርሰ ምድር ውሃ እስከ ገጽ ከወጣ 58 የነበረው 29 ገደማ ይሆናል። ግንቦት ላይ የሞከራችሁት ፓይል ነሐሴ ላይ ሌላ ፓይል ነው።

ጎርፍ የላይኛውን አሸዋ ይወስዳል። 1 ሜትር አሸዋ ከታጠበ 4 ሜትሩ ፓይል እንደ 3 ሜትር ፓይል ይሠራል። ወደ 38 ኩንታል ወረደ ማለት ነው። ወንዝ ዳር ከሆናችሁ የሚታጠበውን ጥልቀት ከነዋሪው ጠይቃችሁ፣ ያን ያህል በርዝመቱ ላይ ጨምሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለፓይሉ፦
- የእጅ ኦገር (እየተሽከረከረ መሬት የሚቆፍር መሣሪያ)፣ 20 ሳንቲ ራስ ያለውና የሚቀጠል እጀታ
- 4 ሜትር ተኩል የሆነ የላሜራ ቱቦ፣ ኦገሩ በውስጡ የሚያልፍ
- አንድ ከረጢት ማለትም 50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ የታጠበ አሸዋ፣ ከ10 ሚሊሜትር ያልበለጠ ጠጠር
- 4 ባለ 10 ፌሮ፣ ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስር ባለ 6 ስታፋ በየ15 ሳንቲ፣ ፌሮውን ከጉድጓዱ ጎን የሚያርቅ የ5 ሳንቲ መለያያ ከሲሚንቶ የተሠራ
- ውሃ ከተገኘ፦ እስከ ታች የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ከነፈነሉ

ለሙከራው፦
- 10 ቶን የሚያነሣ ክሪክ፣ የግፊት መለኪያ የተገጠመለትና በላብራቶሪ የተረጋገጠ
- ሁለት ባለ 20 ሳንቲ አይ-ቢም፣ 4 ሜትር ተኩል ርዝመት
- ሁለት የእንጨት ቁልል ለመሥራት የሚበቃ ወፍራም አጣና ወይም ሞራሌ
- 96 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ አሸዋ የያዘ
- ሁለት ዲያል ጌጅ (መስመጡን የሚለካ ባለ ቀስት መለኪያ)፣ 0.01 ሚሊሜትር የሚያነቡ
- 5 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ወይም ብረት ለማመሳከሪያ ቢም፣ ማለትም ዲያል ጌጆቹ ለሚታሰሩበት የማይነቃነቅ ቢም
- 2 ሳንቲ ውፍረት ያለው ላሜራ፣ 20 በ20 ሳንቲ
- ሸራ፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ሰዓት፣ ደብተር፣ የሌሊት መብራት

ጆንያዎቹን በሚዛን መዝኑ። ማሾና ጤፍ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ ሚዛን አይጠፋም፤ ለአንድ ቀን ተዋሱ። የአንድ ኩንታል እህል ጆንያ አሸዋ ሲሞላ ከ1 ኩንታል እጅግ ይበልጣል። በዓይን አትገምቱ።

አሠራሩ

1. ቦታውን ምረጡ። የሙከራው ፓይል ከማቆሚያው ቦታ 3 ሜትር ያህል ፈቀቅ ይበል። አፈሩ ያው መሆን አለበት። ይህ ፓይል እስከ አቅሙ ጫፍ ስለሚጫን በኋላ ለሥራ አይውልም።

2. አፈሩን እየቆፈራችሁ ጻፉ። በየ50 ሳንቲው የወጣውን አፈር ጨርቅ ላይ በተራ ዘርጉ። ደለል፣ ሸክላ ወይም የበሰበሰ ሣር ያለበት ንብርብር ከመጣ ጥልቀቱን መዝግቡ። ጫፉ እንዲህ ባለ ንብርብር ላይ ወይም ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም የለበትም። የመንገድ ሥራ ሰዎች ዲሲፒ የሚሉት መሣሪያ ከተገኘ በየሜትሩ ከጉድጓዱ ግርጌ ምቱት። 8 ኪሎ መዶሻ ከ57.5 ሳንቲ ከፍታ የሚወድቅበት ነው። አንድ ምት ስንት ሚሊሜትር እንደገባ ካያችሁ ልሉን ከጥብቁ ትለያላችሁ። የውሃውን ከፍታም መዝግቡ።

3. ቱቦውን አስቀድሙ፣ ኦገሩ ይከተል። አሸዋ ጉድጓድ ራሱን አያቆምም። ጠዋት ርጥበት ስላለው የቆመ ይመስላል፤ ቀትር ላይ ሲደርቅ ይናዳል። ሸዋ ሮቢት አቅራቢያ አንድ ሥራ ላይ ቱቦ ሳናስገባ ቆፍረን ጠዋት ያማረ ጉድጓድ አገኘን። ፌሮውን እስክናስር ከግርጌ ወደ ግማሽ ሜትር ሞላ። ያን ልል አሸዋ ሳናወጣ ብንሞላ ኖሮ ጫፉ ትራስ ላይ እንደተቀመጠ ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቱቦ ሳይገባ አላስቆፍርም። ቱቦውን ከኦገሩ ቢያንስ 20 ሳንቲ አስቀድማችሁ አስገቡ። ኦገሩ ከቱቦው አልፎ ከወረደ የጎኑን አሸዋ ይስባል፣ የጎን ሰበቃም ይጠፋል።

4. ውሃ ካገኛችሁ አትቅዱ። ብዙ ሰው በባልዲ እየቀዳ ማድረቅ ይፈልጋል። የቱቦው ውስጥ ውሃ ከውጭው ሲያንስ ውሃው ከታች እየገፋ አሸዋውን ይዞ ይገባል። ጫፉ የሚያርፍበት አሸዋ ይፈላል፣ ይላላል። ይልቁንስ ውሃ ጨምሩ። የቱቦው ውሃ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ይቆይ።

5. ፌሮውን አውርዱና ኮንክሪት ሙሉ። ድብልቁ 1፡2፡3 ይሁን፣ ግን ወራጅ ይሁን፤ ደረቅ ኮንክሪት በቱቦው ውስጥ ይያዝና ቱቦው ሲወጣ ይበጠሳል። ደረቅ ጉድጓድ ከሆነ ከላይ በፈነል አፍስሱ። ውሃ ካለ ቀጭኑን ቱቦ እስከ ግርጌ አውርዳችሁ ከታች ወደ ላይ ሙሉ። ኮንክሪት በውሃ ውስጥ ከተወረወረ ሲሚንቶው ታጥቦ ጠጠር ብቻ ይቀራል።

6. ቱቦውን ቀስ እያላችሁ ሳቡ። የቱቦው የታች አፍ ሁልጊዜ ከኮንክሪቱ አናት 1 ሜትር በታች ይሁን። ካለፈ አሸዋ ይገባና ፓይሉ አንገት ያወጣል፣ ማለትም እዚያ ላይ ይቀጥናል። ባልዲ ቁጠሩ። 4 ሜትር ፓይል 126 ሊትር ይይዛል፤ በ20 ሊትር ባልዲ 6 ባልዲ ከሲሶ ገደማ። ቱቦው ሲወጣ ትንሽ ስለሚሰፋ 7 ባልዲ ቢገባ ደኅና ነው። 5 ባልዲ ብቻ ከገባ ውስጡ አሸዋ ገብቶበታል፤ ያ ፓይል ይጣል። 10 ባልዲ ከገባ ጎኑ ተንዶ ነበር፣ የሙከራው ውጤትም ሌሎቹን ፓይሎች አይወክልም።

7. 14 ቀን ጠብቁ። አናቱን አርጥቡ። አናቱ ከመሬት 20 ሳንቲ ይውጣ፣ በውሃ ልክ ተስተካክሎ በሲሚንቶ ይለሰን። ዘመም ካለ ክሪኩ ፓይሉን ወደ ጎን ይገፋዋል።

8. ጭነቱን አሰናዱ። ከፓይሉ ግራና ቀኝ የእንጨት ቁልል ሥሩ። የቁልሉ ውስጠኛ ጠርዝ ከፓይሉ ቢያንስ 1.3 ሜትር ይራቅ። ከቀረበ የቁልሉ ክብደት ከፓይሉ ጎን ያለውን አሸዋ ይጫናል። አሸዋው ሲጫን ፓይሉን ይጨብጣል፣ እናንተም የሌለ አቅም ትለካላችሁ። ሁለቱን አይ-ቢም በቁልሎቹ ላይ አጋድሙ፣ መድረክ ሥሩበት፣ ጆንያዎቹን ከሁለቱም ዳር ወደ መሃል እኩል ደርድሩ። 96 ጆንያ 48 ኩንታል ነው። ለመሞከር የምንፈልገው 40 ኩንታል፣ ማለትም የሥራ ጭነታችን የ20 ኩንታሉ ሁለት እጥፍ ነው። ትርፉ 8 ኩንታል መድረኩ ከቁልሉ እንዳይነሣ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመድረኩ በታች ሰው አይቀመጥ። ዲያል ጌጁን የሚያነብ ሰው ከውጭ ሆኖ ያንብብ። ቁልሉ ሲንሻፈፍ ካያችሁ ክሪኩን አርግቡና አውርዱ። 48 ኩንታል አሸዋ ሲወርድ አያስመልጥም።

9. ማመሳከሪያውን ትከሉ። ይህ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማመሳከሪያ ቢሙ ከአይ-ቢሙ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ይጋደም፤ እግሮቹ ከፓይሉ በሁለቱም ወገን ከ2 ሜትር በላይ ይራቁ። ከቁልሉም፣ ከመድረኩም ጋር አይነካካ። ዲያል ጌጆቹ በፓይሉ ተቃራኒ ጎኖች ይቀመጡ። ፓይሉ ሲዘም አንዱ ብዙ፣ ሌላው ትንሽ ያነብባል፤ አማካዩ ነው እውነተኛው መስመጥ።

ቆላ ላይ ስለሆናችሁ ፀሐዩን አትናቁት። 4 ሜትር ብረት በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1 ሚሊሜትር ይረዝማል። ፀሐይ ከላይ ብቻ ሲመታው ደግሞ ይጎብጣል። እናንተ የምትፈልጉት መስመጥ ራሱ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ነው። እንጨት ከብረት ይሻላል። ከሁሉ በላይ ሸራ ዘርጉበት፣ ሥራውን ከንጋት 12 ሰዓት ጀምሩ።

10. ጫኑ፣ ጠብቁ፣ ጻፉ። ክሪኩን በፓይሉ አናትና በአይ-ቢሙ መካከል በላሜራው ላይ አቁሙ። የክሪኩን ግፊት ወደ ኩንታል ለመለወጥ የፒስተኑን ስፋት እወቁ። የፒስተኑ ውፍረት 40 ሚሊሜትር ከሆነ 100 ባር ወደ 13 ኩንታል ነው፤ ለ40 ኩንታል ወደ 310 ባር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዙር፦ 5፣ 10፣ 15፣ 20 ኩንታል። በእያንዳንዱ ላይ በ0፣ 5፣ 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 60 ደቂቃ አንብቡ። የመስመጡ ፍጥነት በሰዓት ከ0.25 ሚሊሜትር በታች ሳይወርድ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። 20 ላይ 6 ሰዓት አቆዩት። ከዚያ ወደ ዜሮ መልሱና 1 ሰዓት ጠብቁ። የማይመለሰው መስመጥ ምን ያህል እንደሆነ ታያላችሁ።

ሁለተኛው ዙር፦ 20፣ 25፣ 30፣ 35፣ 40። 40 ላይ 12 ሰዓት አቆዩት። ክሪክ በራሱ ስለሚረግብ በየጊዜው ፓምፕ አድርጉ። ፓይሉ ሲሰምጥ ግፊቱ ይወርዳልና «ቆመ» ብላችሁ አትታለሉ። በመጨረሻ በ10 ኩንታል እየቀነሳችሁ አውርዱ። ጠቅላላው ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል፤ ለሌሊት ተረኛ መድቡ።

11. ውጤቱን አንብቡ። ጭነቱን አግድም፣ መስመጡን ወደ ታች አድርጋችሁ በካሬ ወረቀት ላይ ሣሉ። ለማስረዳት ያህል ይህን ተመልከቱ፦ 10 ኩንታል 0.6 ሚሊሜትር፣ 20 ኩንታል 1.5፣ 25 ኩንታል 2.8፣ 30 ኩንታል 5፣ 40 ኩንታል 12። እስከ 20 መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ጎኑ ይዞታል። ከ25 በኋላ ይታጠፋል። የጎኑ ኃይል አልቆ ጫፉ መሥራት ጀመረ ማለት ነው። የእናንተም መስመር የት እንደሚታጠፍ ፈልጉ። የሥራ ጭነታችሁ ከዕጥፋቱ በፊት መሆን አለበት።

እኔ የምቀበለው 20 ኩንታል ላይ ከ5 ሚሊሜትር በታች፣ 40 ላይ ከ20 ሚሊሜትር በታች ከሆነና 40 ላይ መስመጡ ከቆመ ነው። 40 ላይ ሳይቆም ከቀጠለ ርዝመት ጨምሩ። ሙከራውን በበጋ ካደረጋችሁና ክረምት ላይ ውሃው እስከ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ 40 ቢያልፍም 10 ኩንታል ብቻ ያዙ ወይም ፓይሉን አስረዝሙ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ፓይሎችን ማቀራረብ። ከመሃል እስከ መሃል ከውፍረቱ 3 እጥፍ፣ ማለትም 60 ሳንቲ መራራቅ አለባቸው። ከተቀራረቡ ሁለቱም አንዱን አሸዋ ይሻማሉ፤ በተጨማሪም አዲሱን ስትቆፍሩ የቀድሞውን ጎን ታላላላችሁ።

በመኪና ክሪክ «ከበደኝ» እያሉ መገመት። የክንድ ድካም ቁጥር አይደለም።

የተቆፈረ ፓይልን ውጤት ለተመታ ፓይል መጠቀም። ጫፉ የተዘጋ የብረት ቱቦ በመዶሻ ሲመታ አሸዋውን ገፍቶ ያጠብቀዋል። ሲቆፈር ግን አሸዋው ይላላል። ልዩነቱ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። አሠራር ከቀየራችሁ ሙከራውም ይደገማል።

ባዶ ሮቶ መርሳት። ውሃ በሌለበት ጊዜ ኃይለኛ ነፋስ አንዱን እግር ወደ ላይ ይስባል። ወደ ላይ ሲሳብ ጫፉ ምንም አይረዳም፤ የሚይዘው ጎኑ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ታች ሲጫን ከነበረው ያነሰ። ስለዚህ ፌሮው እስከ ግርጌ ይውረድ፣ አራቱም አናት በቢም ይተሳሰር።

መሬቱ የሚንቀጠቀጥ መሆኑን መዘንጋት። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራቆሬን የመታው መንቀጥቀጥ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ባሉበት በዚሁ ተዳፋት ሥር ነው። ውሃ የጠገበ ልልና ደቃቅ አሸዋ ሲናወጥ ለጊዜው እንደ ፈሳሽ ይሆናል፣ የጎን ሰበቃም ይጠፋል። ይህን በቀስታ የሚጫን ሙከራ አያሳያችሁም። ቁፋሮው ላይ እንዲህ ዓይነት አሸዋ ካገኛችሁ ከሥሩ ወዳለው ጥብቅ ጠጠር እስክትደርሱ ውረዱ፤ ካልተገኘ ማቆሚያውን ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱት።

ደብተሩን መጣል። የጥልቀቱን፣ የባልዲውን፣ የውሃውን ከፍታና የመስመጡን ቁጥር ከነቀኑ አስቀምጡ። አራቱን የሥራ ፓይሎች ስትሠሩም ባልዲ ቁጠሩ፣ አፈሩን ዘርጉ። አንዱ ከሙከራው ፓይል የተለየ አፈር ካወጣ የሙከራው ቁጥር ለሱ አይሠራም።